ሰርግ ላይ የተመታ ለቅሶ

ግንቦት 4
አንተ ወንድሜ፣ ዛሬም ኪቦርድህን ሳትሸፍነው ነው የሄድከው። አቧራውን ጠረግኩልህ። የሒሳብ ፈተና ነበረን፣ እንደ ነገሩ ሠራሁ። ስልክህ ይጮኻል። ሰው ሁሉ ሰርግ አለኝ ይላል። "የለም" እላለሁ። "መቼ ይመለሳል?" ይሉኛል… ምን ልበላቸው? መኪና ገጭቶ ከገደለህ አሥራ አንድ ቀን።

ግንቦት 6
ከበሮ መቺው ጓደኛህ መጣ። የእኛ ሰፈር ልጅ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ልጅ እሑድ ታገባለች። ቋንቋቸውም ዘፈናቸውም ሌላ ነው። ቤተሰቦቹ ስንት ጊዜ ተኳርፈው፣ በመጨረሻ "የሁላችንንም የሚያውቅ እሱ ከተጫወተ እሺ" ያሉት በአንተ ነው አሉ።
"ሌላ ሰው ፈልግ" አልኩት።
"አንተ ጎረምሳ፣ የማን ምት የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለ ሌላ ሰው በምን ያውቃል? ሰርጉ ከፈረሰ በሱ ስም ነው የሚፈርሰው።"
እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ግንቦት 8
ከትምህርት ቤት መልስ ምቶቹን የቀዳህባቸውን ቁልፎች ሞከርኩ። በላያቸው በለጠፍከው ፕላስተር ላይ የጻፍከው የሰፈር ስም ብቻ ነው። "ማዶ" የሚል ሁለት አለ። አንዱ ይጣደፋል። ሌላው ረጋ ያለ… ሲያምር! ለሙሽራ መግቢያ ይሄ ነው።

ግንቦት 10
ከሰርጉ አሁን ገባሁ።
ሙሽሮቹ በር ላይ ሲደርሱ ረጋ ያለውን ተጫንኩ። የማዶ ሰዎች ባሉበት ቀጥ አሉ። ሳቁ አፋቸው ላይ ቀረ። የሙሽራው አያት ሻሻቸውን ፈቱ። ከበሮ መቺው ጆሮዬ ሥር፣ "ምን አባህ ነው የነካኸው? የሬሳ መሸኛቸው ነው!"
የሬሳ!
የሙሽራዋ አጎት ወንበር ገለበጡ። "ሟርተኛ! ልጃችንን ይዘን እንሄዳለን!" ምቱ እየሄደ ነው። ማጥፋት እንኳ አልቻልኩም።
አያትየው ወደ እኔ መጡ። ሊመቱኝ ነው ብዬ…
"የሱ ወንድም ነህ?"
"አዎ፣ እማማ።"
"ባሌን ስንቀብር ሦስት ቀን አብሮን ተቀምጦ ነው ይህን የተማረው። ለሱ ሳንመታለት ቀረን።" ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ተነሡ!"
ተነሡ። መዳፋቸውን እያጋጩ አለቀሱልህ፣ ሙሽራው ሳይቀር፣ በከረባቱ። ከዚያ የእኛዎቹም። አጎትየው ወንበሩን አንሥተው፣ እሱኑ ተደግፈው አለቀሱ። ሰርግ ላይ!
አያትየው ዓይናቸውን ጠረጉ። "በቃ። አሁን ፈጣኑን አምጣው፣ ልጆቹን እንዳርበት።"
ተዳሩ።
እኔ ብቻ አላለቀስኩም።

ግንቦት 12
አብራኝ የሰነበተችው አክስታችን ትናንት ወደ ቤቷ ሄደች። ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት። ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫንኩ። ጆሮዬ አሁን ይለያል። የማዶዎቹ ለቅሶ አለ፣ የጣቢያው ሰፈር አለ፣ የኮረብታው አለ… የእኛ የለም። የእኛ ሰርግ ብቻ። የገዛ ቤቱን ለቅሶ ማን ይቀዳል፣ አይደል?
አንተ ስትቀበር አክስታችን ያዜመችብህን በጣቴ ፈለግኩ። አራት ድምፅ አገኘሁ፣ አምስተኛው ጠፋ። ኪቦርዱን አቅፌ ቤቷ ሄድኩ። ደጃፏን እየጠረገች ነበር።
"ምነው? ትምህርት የለም እንዴ?"
"አክስቴ፣ ያኔ ያለቀስሽውን እስቲ ድገሚልኝ። ልቅዳው።"
መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። "በጠዋቱ? አብደሃል?"
"አምስተኛው ጠፋብኝ…" ኪቦርዱን መሬት ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት።
ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ጀመረች። የመቅጃውን ቀይ ቁልፍ ተጫንኩ። ቀረጻው ላይ የኔም ለቅሶ አለ። አልሰረዝኩትም።