አባባ በብርድ የዋሉበት ቀን

ለውድ እህቴ ለእትዬ የኔነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽንስ ተሻለሽ ወይ? ጋሽ ባልቻ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው አሁን ደረጃ ያስወጣቸዋል? ዓለምሸትስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ዘንድሮ አሰላ ውርጩ ጸንቶባችኋል ሲሉ ሰምቼ አሳቤ ከእናንተው ጋር ነው። እኔ፣ ሩሀማና ልጃችን ጸዮን ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። አባባም አሁን ደህና ናቸው። «አሁን» ያልኩበትን ምክንያት ልነግርሽ ነው ይህን የምጽፈው።

ባለፈው በስልክ ስታገኚያቸው «ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው» ያሉሽ እኔን ሊሸፍኑ ብለው ነው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ጉንፋን አልነበረም እትዬ፤ የሳንባ ምች ነው። ሆስፒታል ተኝተው ነው የወጡት። ለዚያ ያበቃኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ቤቱን ስንገዛ የቀድሞው ባለቤት ሳሎን ውስጥ ትቶልን የሄደ ምድጃ አለ። የሚበላው የመጋዝ ብናኝ ተጨምቆ እንደ መኖ እንክብል የተሠራ ማገዶ ነው፤ እዚህ ፔሌት ይሉታል። ከረጢቱን ከላይ ትገለብጪበታለሽ፣ ቁልፉን ስትጫኚው ራሱ ጥቂት ጥቂት እየቆነጠረ ወደ እሳቱ ይጥላል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ብዙ ስለሚያስከፍል እሱን ዘግቼ ቤቱን በዚህ ምድጃ ብቻ ነበር የምናሞቀው። ታዲያ አመዱን ቶሎ ቶሎ ማውጣት፣ የጭሱንም ቱቦ መጥረግ ያስፈልጋል። እኔ ግን ከመጋዘን ሥራ ደክሞኝ ስገባ ነገ እጠርገዋለሁ እያልኩ፣ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ቱቦውን ከፍቼ አላየሁትም።

ከገና በኋላ እሳቱ ይሰንፍ ጀመር። መስታወቱ ይጠቁራል፣ እኛ ሥራ ሳለን ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት አባባ ናቸውና ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። «ገረመው፣ ነበልባሉ ይንቀረፈፋል፤ ጭስ ጭስም ይሸተኛል» አሉኝ። «የዚህ አገር ዕቃ እንዲህ ነው» ብዬ አለፍኩት።

አንድ እሁድ ክፍሌ የሚባል ጓደኛዬ ከነባለቤቱ ክሬሰንት ታውን ከሚባለው ሰፈር ሊጠይቁን መጥተው ተቀምጠናል። አባባ የምድጃውን በር ከፍተው አመዱን በሹካ ሲቆሰቁሱ አየኋቸው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጮህኩባቸው። «አባባ! ይሄ አገር ቤት የሚያውቁት ማንደጃ አይደለም! ለካ የሚያበላሹት እርስዎ ነዎት! ሁለተኛ እጅዎ እንዳይነካው!» አልኳቸው። ሹካውን ቀስ ብለው አስቀመጡና «እሺ ልጄ» አሉ። እንግዶቹ ዓይናቸውን መሬት ተከሉ። ሩሀማ ማድ ቤት ጠርታኝ «አባትህን እኮ ነው፣ ያውም በሰው ፊት!» አለችኝ። «ቤቱን ቢያቃጥሉትስ?» ብዬ እሷንም ተቆጣኋት።

በዚያው ሳምንት ደጁ ፊት የሚልጥ ብርድ ሆነ። እኛ እንደወጣን ምድጃው ጠፋ። ቁልፉን ቢጫኑት ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ይነሣ ነበር፤ አልነኩትም። የሥራ ቦታዬ ቁጥር ስልኩ ላይ ተለጥፏል፤ አልደወሉም። ማታ ስገባ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው ሶፋው ላይ ኩርምት ብለዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። «ምነው አባባ፣ ቁልፉን አይጫኑትም ነበር?» ብላቸው «አይንኩት አልከኝ አይደል እንዴ?» አሉኝ። በቁጣ ቢሆን በወደድኩ፤ የነገርኳቸውን የረሳሁ መስሏቸው ነው ያስታወሱኝ። ከዚያ ሳሉ ያዛቸው፣ ትኩሳቱ ተከተለ፣ በአምቡላንስ ወሰድናቸው።

እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ምድጃውን ፈታሁት። ቱቦው እስከ አንገቱ በአመድ ተጠቅጥቋል። የገዛኋቸው ከረጢቶች ጋራዥ ውስጥ ባዶ ሲሚንቶ ላይ በመቀመጣቸው እርጥበት ስበው፣ እንክብሉ አብጦና ፈርሶ ማገዶ የሚገፋውን ብረት አንቆታል። የአባባ እጅ ያበላሸው አንድም ነገር የለም። ጠረግኩት፣ የላላውን የበሩን ማሸጊያ ገመድ ለወጥኩ፣ ደረቅ ማገዶ ገዝቼ ሳንቃ ላይ ደረደርኩ። እሳቱ አሁን ቀጥ ብሎ ይነዳል። እኔ ግን ፊቱ ተቀምጬ መሞቅ አልቻልኩም።

ሆስፒታል ሄጄ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ጉልበታቸውን ልስም ስል «ተነሥ፣ ሰው ያያል። ሥራው አድክሞህ ነው» አሉኝ።

ቤት ከገቡ በኋላ እንዴት እንደሚለኮስና እንደሚጠረግ ተቀምጬ አሳየኋቸው፤ ቶሎም ገባቸው። ያም ሆኖ ቁልፉን ሊጫኑ ሲሉ መጀመሪያ ፊቴን ያዩና «ልጫነው?» ይላሉ። «አባባ፣ ቤቱ እኮ የእርስዎ ነው» እላለሁ። «አውቃለሁ» ይሉኛል፤ በማግስቱ ደግሞ ይጠይቁኛል። እትዬ፣ አንቺን ሲያሳድጉ ማንን ፈቃድ ጠይቀው ያውቃሉ?

አንቺ አደራ ብለሽ የላክሽልኝን አባት እንዲህ አድርጌ ያዝኳቸው። ብትቆጪኝ ይገባኛል፤ ቁጣሽን ሳትደብቂ ጻፊልኝ። በስልክ ስታገኚያቸው ግን ይህን እንደነገርኩሽ አታስታውቂባቸው፤ ልጄን መሸፈኔ ተገለጠብኝ ብለው ያፍራሉ።

ጋሽ ባልቻን ጉልበት ስሜ ሰላም እላለሁ። ዓለምሸትን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ጸዮን ፎቶዋን ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች በያት። ሩሀማ ለሁላችሁም ናፍቆቷን ትልካለች። አባባ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ ብለዋል። ከፋሲካ በኋላ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ቆርጠዋል። ቲኬቱን እንድገዛላቸው ትናንት ጠየቁኝ፤ «ካላስቸገርኩህ» ብለው።

ወንድምሽ ገረመው
ሬክስዴል፣ ቶሮንቶ
የካቲት 18 ቀን 1989 ዓ.ም.