የደሳለኝ ፈረስ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 18 ቀን 2005 ዓ.ም.

ጓደኛዬ ደሳለኝ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የጫነውን ጌም ዛሬ ጨረስሁት። ሳምንቱን ሙሉ ስጋልበው የከረምሁት ፈረስ መጨረሻው ላይ ይሞታል። እንደገና ብጀምረው ይነሳ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ቤት ስገባ ዓይኔ ቀልቶ ኖሯል።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አለች እማዬ።

«ፈረስ ነው፤ ደሳለኝ ዘንድ» አልሁና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተጋደምሁ።

እውነተኛ ፈረስ መስሏት «ክፉህን ይዞ ይሂድ» ልትለው ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄደች። «እትየ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ እኮ ነው!» ብሎ ስቆባታል።

ስትመለስ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባትህ ትዝ ብሎህ ነው?»

ሰኔ ላይ አባቴ ሲቀበር አንዲት እንባ ጠብ አላለኝም። ለቀስተኛው ሁሉ አይቶኛል፤ እሷም አይታለች፤ እስከ ዛሬ ግን አንስታብኝ አታውቅም።

«አዎ» አልኋት። ይሁን አይሁን እኔም አላውቀው።

«ተመስገን! አለቀስህለት» ብላ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

እኔ በደረቀ ዓይን አየኋት።