በሽርጥ የማይነዳው ብስክሌት

ለዚህ ቤት ነዋሪዎች በሙሉ፣
ማለትም ለናጂብ፤

ከዛሬ ዓርብ ጠዋት ጀምሮ በቤታችን የሱሪ ዘመን ማብቃቱን ስገልጽ ጥልቅ ኀዘን ይሰማኛል። ያሉህ ሱሪዎች ሁሉ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፈዋል። ኦሞው በዝቶ እንደሆነ ይቅርታ።

የቪትዝ መኪናህ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። በጀርባ ተንጋለው የሚነዱት ብስክሌቴ ግን በረንዳው ላይ አለልህ። ጎማውን ነፍቼዋለሁ፣ ሰንሰለቱንም ዘይት ቀብቼዋለሁ። አየህ፣ ቂመኛ አይደለሁም።

እጮኛህ ኢክራን ትናንት ደውላ ነበር። እናቷ ያንን ቪዲዮ አይተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ አሉ። ያው አንተ "በዚህ ሙቀት ሱሪ ምን ያደርግልሃል ወንድሜ?" ብለህ ሽርጥህን አውሰኸኝ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ አድፍጠህ የቀረጽከውን። ብስክሌቴ ላይ ተንጋልዬ፣ እግሬ ወደፊት ተዘርግቶ፣ ነፋሱ በሽርጡ የልቡን ሲሠራ። ይኸው እስከ ዛሬ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ሻርፕ እያውለበለቡ ይቀበሉኛል።

እኔም ለኢክራን "ከጁምዓ በኋላ ለምሳ ሲመጣ ናጂብ ራሱ ያንን ብስክሌት እየነዳ ይመጣል" አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩህ የወደፊት አማቶችህ በሙሉ ደጅ ወጥተው ይጠብቁሃል።
ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው።

በባጃጅ ብትሄድ "ፈርቶ ነው" ይሉሃል። ያንንም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ፍሬኑ በግራ እጅህ ነው። ሽርጡን በጉልበቶችህ መሀል ጠበቅ አድርገህ ያዝ።
እኔም ይዤው ነበር።

"ፈጠነ፣ ምን አድርጌህ ነው?" ብለህ እንዳትደውል።
አላብራራም።

ፈጠነ