ቮልሷ፣ ፍሬኗና ወ/ሮ ሙሚና

ኅዳር 1፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.

ብሎኑ ዛሬም እንቢ አለ። የኋላ ግራ ጎማ፣ የመጨረሻው። ዘይት አጠጣሁት፣ መታ መታ አደረግሁት፣ ለመንሁት። ምንም። በመጨረሻ በጋዝ እሳት አጋልሁትና ሻማ አስነካሁት። ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መካከል ሰረገ። ከዚያ በኋላ በቀላሉ ፈታሁት። ያዝልኝ ማስታወሻዬ፦ ለዛገ ብሎን ጉልበት ሳይሆን እሳትና ሻማ።

ቮልሷ ከወረታ ተጎትታ ስትመጣ አካሏን ዝገት በልቶ ጨርሶት ነበር። የተረፋት ወለሏና ሞተሯ። የቀረውን ከላሜራ እየቆረጥሁ በግቢዬ እሠራለሁ። ጣሪያ አይኖራትም። ከፋብሪካ ጥገና ክፍል ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ይሠራል?

ዘሃራ ከአዲስ አበባ ደወለች። አንድያ ልጄ። ያው የተለመደው፦ እናቷ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን መኖሬ ያሳስባታል፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ ልምጣ። መኪናዋ ስታልቅ እመጣለሁ አልሁ። ሳቀች። እሷ መቼም አታልቅም ማለቷ ነው። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን ግቢው ጭር አለብኝ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ተወቀስሁ። በአጥር ላይ፣ በጎረቤቴ በወ/ሮ ሙሚና። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። በግቢያቸው ሸራ ይሰፋሉ፤ ለነጋዴው ድንኳን፣ ለጭነት መኪናው ልባስ። የእኔ ብረት መቁረጫ ሲጮህ የራሳቸው ስፌት መኪና አይሰማቸውም፤ ክር ተበጥሶም ባዶውን ይሰፋሉ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ብረት የምቆርጠው እሳቸው ገበያ ሲሄዱ እንዲሆን ተስማማን።

ሊመለሱ ሲሉ መሬት ላይ የተጣለውን ላሜራ አዩ። ልኩን ስቼ የቆረጥሁት፣ ሁለተኛው ብልሽት። እሳቸው ሸራ ከመቁረጣቸው በፊት በወረቀት እንደሚሞክሩ ነገሩኝና ሄዱ። ቆሜ ቀረሁ። እውነት ነው እኮ። ፋብሪካም እንደዚያ እናደርግ ነበር፤ ብቻዬን ስሆን ትዕግሥቴ ጠፋ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ

ካርቶን! ከፍሪጅ ሻጩ ደጅ የወደቀ ካርቶን። የፊት ጎማ መሸፈኛውን መጀመሪያ በካርቶን ቆረጥሁ፣ አጠፍሁ፣ ለካሁ፣ ደግሜ ቆረጥሁ። ከዚያ ወደ ላሜራ ገለበጥሁት። በአንዴ ገጠመ። በአጥር ላይ ጠርቼ አሳየኋቸው። ማየት ብቻ አልበቃቸውም፤ በበሩ ዞረው ገቡ። ወንበሩን በክንዳቸው ለኩ። መቀመጫውን ራሳቸው ይሰፉታል፤ ለዝናብም የሚጠቀለል የሸራ ክዳን። እኔ አልጠየቅሁም። እሳቸውም አላስፈቀዱም።

ሌላ ዘዴ፣ ሳልረሳው። ብሎን የተፈታበትን ክፍል ስም ጽፌ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከመፍታቴ በፊት ደግሞ በስልክ ፎቶ። ጭንቅላቴን ማመን ትቻለሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

መጥፎ ቀን። አንዲት ትንሽ ዳዶ ማርሽ ቤቱ ውስጥ ጠልቃ ገባች። ብሎን ማሰሪያ ዳዶ፣ የአተር ፍሬ የምታክል። ጠዋቱን ሙሉ በደረቴ ተኝቼ ፈለግሁ። ተሳደብሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከሞተ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አወጣሁ፣ በሽቦ ጫፍ አሰርሁ፣ ወደ ውስጥ ሰደድሁ። ጠቅ። ወጣች። መጥፎ ቀን አይደለም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ቀለም ለመቀባት ተነሥቼ ነበር። ኅዳር ሚካኤል መሆኑን ረስቼ። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፤ ጢሱ ሰማዩን ሞልቶታል፤ ጥቀርሻው እንደ ጥቁር ላባ ይወርዳል። ቀለሙን መልሼ ከደንሁ። ወ/ሮ ሙሚናም በጢሱ ምክንያት ሸራቸውን አንሥተው መጡ። ሁለታችን ያለ ሥራ ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። ስለ ባላቸው አወሩ፣ እኔም ስለ ባለቤቴ። ሳላስበው መሸ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ተቀባች! የሎሚ ቢጫ። ቀለሙን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ዘዴው፦ ገና ሲነጋ፣ ከሰፈራችን በታች ካለው ሐይቅ ነፋስ ሳይነሣ መጀመር። አቧራ እንዳይነሣ መሬቱን ውኃ ማርከፍከፍ። ያም ሆኖ የሐይቁ ትንኝ ከነክንፉ መጥቶ ተለጠፈ። ከእርጥብ ቀለም ላይ ለመልቀም አትሞክር፤ ይብሳል። ሲደርቅ በውኃ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት። አንዷን ትንኝ ግን ተውኋት። በሩ ላይ ታምራለች።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ከፍሬን መስመር አየር ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከጎማው ሥር ተኝቶ ብሎን ይከፍታል ይዘጋል። ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ጫፉን ዘይት ባለበት ብልቃጥ ውስጥ መንከር፤ አረፋው ሲያልቅ አየሩ አለቀ ማለት ነው። ወ/ሮ ሙሚና ረገጡልኝ። ይርገጡ ስል ይረግጣሉ፣ ይያዙ ስል ይይዛሉ። ቆይቶ እሳቸው ትእዛዝ ሰጪ ሆኑ፦ ጋሽ አደም ይክፈቱ፣ ጋሽ አደም ይዝጉ። አረፋው አለቀ። ሥራው ስላለቀ ቅር አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ተረጋግቼ ልጻፍ።

ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ወ/ሮ ሙሚና አጠገቤ ተቀመጡ። ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ቀስ ብለን ወረድን። የመጀመሪያው ፍሬን ያዘ። ሁለተኛው ላላ። ሦስተኛው ወለል ድረስ ገባ። ባዶ። ከፊታችን ዓሣ አጥማጆች ቁጭ ብለው መረብ ይጠግናሉ፤ በጎን የሐይቁ ደንገል እንደ ሸምበቆ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። የእጅ ፍሬኑን ገና አላሰርሁትም።

እሳቸው አልጮሁም። እጃቸውን ክንዴ ላይ አድርገው፣ “አደም፣ ወደ ደንገሉ አዙረው” አሉኝ።

አዞርሁ። ቢጫዋ መኪናዬ ደንገሉን እየሰነጠቀች ገባች፣ ውኃው ወለሏን አልፎ መቀመጫዋን ነካ፣ ቆመች። ጸጥ። ማንም አልተነካም። ወ/ሮ ሙሚና ከሻሻቸው ላይ የደንገል ቅጠል ነቅለው አዩና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አጥማጆቹ በገመድ ጎተቱን። አንዱ ሽማግሌ ታንኳ ከሆነች መቅዘፊያዋ የታለ ብለው ጠየቁኝ።

ጋሽ አላሉም እኮ። አደም ነው ያሉኝ። አዙረው።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጥፋቱ ተገኘ። ከራሷ ፈትቼ መልሼ የገጠምሁት አሮጌ የፍሬን ጎማ ቱቦ ነው። ላዩ ደህና፣ ውስጡ የተሰነጠቀ። በትልቁ ጻፍ፦ አሮጌ የፍሬን ቱቦ ተመልሶ አይገጠምም። የእጅ ፍሬን ሳይታሰርም መኪና ከግቢ አይወጣም።

ለዘሃራ ነገርኋት። መደበቅ አልሆነልኝም። ቅዳሜ መጥታ ትወስደኛለች። ይህ ጥያቄ አልነበረም።

ወ/ሮ ሙሚና ዛሬ አልታዩም። የስፌት መኪናቸውም አይሰማም። እኔን ቢፈሩ እውነታቸውን ነው።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

መጡ! ለካ ዝም ያሉት የረጠበውን መቀመጫ ፈትተው በእጅ እየሰፉት ነው። አዲሱን ቱቦ አምጥቻለሁ ወይ ብለው ጠየቁ። አምጥቻለሁ። እንግዲያው ልርገጥ አሉና ወጥተው ተቀመጡ። አሁን ደግሞ አንድ ባንድ፣ አራቱንም ጎማ፣ ሁለት ጊዜ። የእጅ ፍሬኑም ታሰረ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ዘሃራ ገባች። ሻንጣዬን ልታዘጋጅ ነው የመጣችው። ስትደርስ እኔ መኪናዋ ሥር ነኝ፣ ወ/ሮ ሙሚና የሸራውን ክዳን ይገጥማሉ፣ ስለ አንዲት ቀዳዳ እንከራከራለን። ልጄ በር ላይ ቆማ ስታየን አላስተዋልናትም።

ከምሳ በኋላ አሳፍሬ በሜዳው ወሰድኋት። በየአሥር እርምጃው ፍሬን ረገጥሁ፤ ያዘ፣ ያዘ፣ ያዘ። ሐይቁ ዳር አቆምሁ። የሻንጣውን ነገር ታነሣለች ብዬ ጠበቅሁ። ውኃውን ስታይ ቆየችና፣ “አባዬ፣ አንተ እኮ ብቻህን አይደለህም” አለች።

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ መሰለኝ፤ በዚህ ዕድሜ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ዘሃራ ትናንት ተመለሰች። ያለ እኔ። ስትሰናበት ወ/ሮ ሙሚናን አቅፋ በጆሯቸው የሆነ ነገር አለቻቸው። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ዛሬ ያገቡኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። መኪናዋ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሞተሩን አጥፍቼ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ጠፋኝ፤ በአጭሩ አልሁት። እሳቸው እጃቸውን አዲሱ መቀመጫ ላይ አሻሹ። ስፌቱን የሚመረምሩ ይመስላሉ።

“ወንድሜ ደልጊ ነው ያለው” አሉ። “ሽማግሌ ወደሱ ይላኩ። በዚች ግን አይሆንም፤ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው።”

ስለዚህ ወሰንሁ። ሐሙስ ሦስት ሽማግሌዎች በጀልባ ወደ ደልጊ ይሻገራሉ፤ ሁለቱን አናግሬያቸዋለሁ፣ ሦስተኛው ታንኳ ከሆነች ያሉኝ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። አሁን የቀረኝ ሸሚዝ መተኮስና

ሙሚና እየጠራችኝ ነው። ልሂ