ተረት ለመንገር ቢ አንድ ያስፈልጋል

ለተከበሩ የቋንቋ ማሰልጠኛው የደረጃ ምዘና ክፍል ኃላፊ
አምስተኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ ያልታመመ፣ የማህተምዎም ቀለም ያልደረቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የህንፃችሁን አሳንሰር የምጠግን የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ስሆን፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከሥራ ስወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ፈረንሳይኛ እማራለሁ። ለመማር ያነሳሳችኝ ባህር ማዶ ያለው ልጄ የወለዳት የአምስት ዓመት የልጅ ልጄ ናት። የምትናገረው ፈረንሳይኛ ብቻ ስለሆነ፣ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ስልክ ስንገናኝ እኔ እስቃለሁ፣ እሷም ትስቃለች፣ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋናል። አንድ እሁድ አባቷን «አያቴ መናገር አይችልም እንዴ?» ብላ መጠየቋን ስሰማ፣ በማግስቱ መጥቼ ተመዘገብኩ። ዓላማዬ አንድ ነው፤ ተረት ልነግራት።

ለሦስተኛ ጊዜ ኤ ሁለት ላይ እንድቆይ ስለወሰኑልኝ የተሰማኝን ደስታ በአካል ቀርቤ ለመግለጽ ሞክሬ ነበር። ጸሐፊዎ ቀጠሮ ስለጠየቁኝና ቀጠሮ የሚሰጡትም እርሳቸው ስላልሆኑ፣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያው ቀን ስድስቱን ደረጃዎች የሚያብራራ ወረቀት ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ከታች ኤ አንድ፣ ከላይ ሲ ሁለት ሆኖ፣ ሰው በየደረጃው ምን ማድረግ እንደሚችል ተዘርዝሯል። ኤ አንድ የሆነ ሰው፣ የሚያነጋግረው ሰው ቀስ ብሎ ከተናገረለት፣ ራሱን ማስተዋወቅ ይችላል። ኤ ሁለት የሆነ ዕቃ ይገዛል፣ ስለ ቤተሰቡና ስለ ሥራው በአጭሩ ይናገራል። ህልሙን፣ ተስፋውንና የገጠመውን ነገር መተረክ የሚችለው ግን ቢ አንድ የደረሰ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ዳቦ መግዛት ተፈቅዶልኝ ተስፋ ማድረግ ለጊዜው ታግዶብኛል ማለት ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን ስታነብ፣ ቢ ሁለት የሆነ ሰው ሐሳቡን በምክንያት አስደግፎ ይከራከራል የሚለው ላይ ደርሳ ቆመችና፣ በሠላሳ ዓመት ትዳራችን በገዛ ቋንቋዬ እንኳ እዚያ ደርሼ እንደማላውቅ መሰከረች። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ጥንቸልና ስለ ዝሆን ተረት ብጀምር፣ መምህራችን በትህትና «እሱ የቢ አንድ ነው» ብለው አስቆሙኝ። ጥንቸሏን ወንዙ መሀል ትቻት ተቀመጥኩ።

2. ለመማሪያ መጽሐፉም አመሰግናለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በየሳምንቱ ተነስቼ ሃያ ዓመቴ እንደሆነ፣ ከእናቴ ጋር እንደምኖርና ዳንስ እንደምወድ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ጉልበቴ ግን አልሰማም።

3. በቃል ፈተናው ላይ ቅዳሜና እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩ ተጠየቅኩ። ተኛሁ አልኩ። ፈታኙ እስክሪብቶ አንስተው ስለጠበቁኝ፣ ብዙ ተኛሁ ብዬ አስፋፋሁት። የሰዋስው ስህተት አልነበረውም፤ ሆኖም «ዝርዝር ይጎድለዋል» ተብሎ ወደቅኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው የጥርስ ሐኪም ግን፣ እግሩ በጀሶ ታስሮ ሳለ፣ ተራራ እንደወጣ፣ እንደዋኘና ሲጨፍር እንዳመሸ ተናግሮ ቢ አንድ ገባ። ይህን የመሰለ ትምህርት በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

4. ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ፣ የእናንተን ምዘና ለመመርመር ከውጭ አገር የመጡት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ወይዘሮ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል አሳንሰር ውስጥ ተቀረቀሩ። እኔ መሣሪያዬን ተሸክሜ ስደርስ፣ እርስዎ ሲ ሁለትዎን ይዘው በሩ ጋ ቆመው ነበር። እንዲህ ያለ ሁኔታ ባይፈጠር ኖሮ ማሰልጠኛው ምንኛ ደስ ይለው እንደነበር የሚገልጽ፣ መሀሉ ላይ ትንፋሽ የሚያስወስድ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር አሰምተዋቸዋል። ከውበቱ የተነሳ ሴትዮዋ በሩን በሁለት እጃቸው ይደበድቡ ጀመር።

እኔ በኤ ሁለት አቅሜ ጠጋ ብዬ፣ «ማዳም፣ ይቀመጡ። ይተንፍሱ። በሩን አይንኩ። እየመጣሁ ነው» አልኳቸው። አራቱም ከመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ ሰባት ናቸው። ድብደባው ቆመ። ሌላ ነገር እንድላቸው ሲለምኑኝ ስለ ቤተሰቤና ስለ ሥራዬ በአጭሩ ተናገርኩ፤ ደረጃዬ የሚፈቅደው እሱን ነው። ፍሬኑን በእጄ እያላላሁ ሃያ ሁለት ደቂቃ ስሠራ፣ እሳቸው በልጅነታቸው ታላቅ እህታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ እንደቆለፈችባቸው ነገሩኝ። ግማሹን ሰማሁ፤ ለግማሹ «አዎ ማዳም» አልኩ። ሲወጡ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙና የእጄ ግራሶ ነጭ ኮታቸው ላይ ታተመ። እርስዎም «ከተማሪዎቻችን አንዱ ናቸው» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስንተኛ ደረጃ እንደሆንኩ አለመጥቀስዎ ጨዋነትዎን ያሳያል። ይህ ንግግር እንዲታሰብልኝ ሳመለክት ግን፣ «አሳንሰር ውስጥ የተደረገ ንግግር የታወቀ ፈተና አይደለም» የሚል ማህተም ያለበት መልስ ደረሰኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳልደብቅ መናገር ይገባኛል። በዚያው ሳምንት እሁድ ልጄ ሲደውል ለልጅ ልጄ የሴትዮዋን ነገር ጀመርኩላት። አሳንሰሩ ወደ አራተኛ ፎቅ የተሳበበት ላይ ስደርስ፣ ወይዘሮዋ ወደ ላይ «ወጡ» ለማለት «ሞንቴ» ማለት ሲገባኝ «ሞርት»፣ ማለትም «ሞቱ» ብዬ ሴትዮዋን ገደልኳቸው። የልጅቷ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ፣ እጄን ወደ ጣሪያ እየዘረጋሁ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ስላት ነገሩ ገባትና ስልኩ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ከዚያ ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። በሦስተኛው ጭንቅላቷን ነቅንቃ «ከዚያስ?» አለች። «ከዚያስ» ያለችበትን ብዛት አልቆጠርኩም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስናወራ ደረጃዬን አልጠየቀችኝም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ስሞታም፣ ኑዛዜም ነው። ቢ አንድ ሳይፈቀድልኝ በየእሁዱ ቤቴ ውስጥ ያለ ፈቃድ ተረት እየተረትኩ እገኛለሁ። አስቤበት፣ ደግሜ ደጋግሜ አድርጌዋለሁ፤ ለመተውም ሐሳብ የለኝም። ጥንቸሏም ወንዙን ተሻግራለች።

ለቢሮዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለወረቀትዎ ብዛትን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ (ቀና ለማለት ጊዜ ይወስድብኛል) እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ ኤ ሁለት፣
የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛው

ማሳሰቢያ፦ ውጤቴን የገለጹልኝበት ባለ ዘጠኝ መስመር ደብዳቤ በገዛ ቋንቋችን የተጻፈ ስለነበር፣ ጡረታ ለወጣችው የቋንቋ መምህርት እህቴ አሳየኋት። አሥራ አንድ ስህተት በቀይ አስምራበታለች። ዕቃ መግዛትና ስለ ሥራዎ በአጭሩ መናገር እንደሚችሉ ግን ትገምታለች። ተስፋ አይቁረጡ እላለሁ፤ ምንም እንኳ ተስፋው ራሱ ከቢ አንድ በኋላ ቢሆንም።