በሶፊ ደብተር ላይ የነበረው ስድስት

ለተወደዱት ወንድም ጋሼ በላይነህ፣

እንዴት ከርመዋል? ቤተሰቡስ ደህና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚህ ጭሮ በሰላም እያስተማርኩ ነው። ዘንድሮ ዝናቡም በጊዜ ገብቶልናል።

ባለፈው ማክሰኞ ግን አንዲት ልጅ በደልኩ። ዘጠነኛ ክፍሎችን የሦስት ማዕዘን ጎን አፈላለግ እያስተማርኩ ነበር። ቀጤ ማዕዘን ያለው ሥዕል ሠርቼ፣ «አንዱ ጎን ስምንት፣ ረጅሙ አስር ነው፤ የቀረውን ፈልጉ» አልኳቸው። ሶፊ የምትባል፣ ከቦኬ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ቀድማ ደብተሯን አመጣች።

«ስምንት? ይህማ እኔ የሰጠኋችሁ ነው!» ብዬ በቀይ ሰረዝኩት።

«ቲቸር፣ ስድስት እኮ ነው የጻፍኩት» አለች።

የደፈረችኝ መስሎኝ ውሸታም ብዬ ከክፍል አስወጣኋት። በእረፍት ሰዓት ደብተሩን ለባልደረባዬ ለደረጀ አሳየሁት።

«ስድስት ነው። ምኑ አስቸገረሽ?» አለኝ።

በማግስቱ በተማሪው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም ጠጋ ብላ፣ ሌላው እንዳይሰማ በቀስታ፣ «ቲቸር፣ ከእንግዲህ ተለቅ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ» አለችኝ። ለስድቤ የመለሰችልኝ ደግነት እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ጽሕፈቴ መስመር መልቀቁን አይዩብኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ አባታችን ዳዊታቸውን ራሳቸው ማንበብ ትተው እርስዎን ማስነበብ የጀመሩት በስንት ዓመታቸው ነበር?

ልጆቹን ይሳሙልኝ። መልክዎን አይቼ ለመጥገብ አምላክ ያብቃኝ።

እህትዎ ባየች