የእናታችን ጣትና የነጯ ፊያት ቺንጋ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ መሪያም፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የባልሽ የሙመድ ወገብ ተሻለው ወይ? ልጆቹንስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። እናታችንም ደህና ናት። የዓይኗ ነገር በተራው ይመጣልና ገጹን ገልብጠሽ መጨረሻውን እንዳታዪ። አውቅሻለሁ፣ ልጅ ሆነሽም ወጡ ሳይበስል ክዳን ታነሺ ነበር።

መጀመሪያ ምስጋና። በባቡር ሠራተኛው እጅ የላክሽው ዕቃ ዓርብ ጥር 20 ቀን ደረሰን። የመኪናው የውሃ ፓምፕ በሩዝ ጆንያ ውስጥ፣ ጥርስ ያለው ቺንጋ ደግሞ በሽቲ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ሽቲውን ለእናታችን ሰጠኋት። ለባለቤቴ ለዳሃቦ የሚሆን ነገር ባገኝ ብዬ ጆንያውን እስከ ታች በረበርኩት፤ ሩዝ ብቻ ነው። አልተቀየምኩሽም። ግን ይህ ደብዳቤ ስለ እሷ ስለሆነ በሆዴ ያለውን ላውጣው። ያገባኋት ጊዜ «ከማሽን ጋር የዋለች ሴት ቤት አትይዝም» ብለሽ ነበር። እናታችንም ቃልሽን ይዛ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «ያቺ የፋብሪካ ልጅ» ነው የምትላት። ዓይኗን ሞራ የጋረዳት ከሠርጋችን በፊት ስለሆነ መልኳን አላየችውም፤ የምታውቃት አንቺ በነገርሻት ልክ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። የሐረሩ ሆስፒታል ለእናታችን የቆረጠላት ቀን ሰኞ ጥር 23 ነበር። የዓይን ሐኪሙ ከውጭ የመጣ፣ በወሩ መጨረሻ የሚመለስ ሰው ነውና ያቺ ቀን ካለፈች ሌላው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም ተባልን። አውቶቡስ እንዳንል፣ አምና ከደረጃው ላይ ወድቃ «ሁለተኛ እግሬ አይረግጠውም» ብላ በወላሂ ምላለች። እናታችን መሐላዋን እንደማታፈርስ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የቀረችን አባታችን ሲሞት የተወልን ነጯ ፊያት ብቻ ነበረች። የእሷ ፓምፕ ደግሞ ሲያነባ ከርሞ፣ ውሃው ቺንጋው ላይ እየተንጠባጠበ ጥርሱን ሸራርፎታል። ያ ቺንጋ ሞተሩ ውስጥ የላይኛውንና የታችኛውን መዘውር እኩል የሚያስኬድ ነው፤ መንገድ ላይ ቢበጠስ ብረት ከብረት ተጋጭቶ ሞተሩ አበቃለት። ፓምፑ ቢተወን ደግሞ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሳናጋምስ ሞተሩ ይፈላል። መካኒካችን ዒሴ በዚያው ሳምንት ለዘመቻ ተጠራ። ሌሎቹ ጋራዦች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተራ አይደርስህም አሉኝ።

የእኔን ሞያ ታውቂዋለሽ፤ መሪ መያዝ ነው። ሞተር ሲበላሽ ኮፈኑን እከፍታለሁ፣ በጥሞና እመለከታለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ይህንኑ አድርጌ ግቢው ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ሳለ ዳሃቦ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃዋን ጨርሳ ገባች። ሁኔታውን ነገርኳት። አሮጌውን ቺንጋ ጎንበስ ብላ አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ «ወርያ ተማም፣ ይሄ እኮ የእኔ ማሽን ቺንጋ ታናሽ ወንድም ነው። ቁልፎቹን አምጣ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ ግን ሻርፗን አጥብቃ አስራ፣ የእኔን አሮጌ ሱሪ በድሪያ ቀሚሷ ስር ታጥቃ መጣች።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት አቶ ወልደማርያም የቁልፉን ድምፅ ሰምተው ወንበራቸውን ተሸክመው መጡ። በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡት ናቸው፤ ዛሬ እጃቸውን ሪህ ስለያዘው ቁልፍ አይጨብጡም፤ አፋቸው ግን ደህና ነው። ከተቀመጡበት ሆነው እንደ ባቡሩ ፈረንሳዮች «ዱስማ! ዱስማ!» እያሉ ቀስ እንድትል ያዟታል። እናታችንም ከኒም ዛፉ ጥላ ስር ሰሌኗ ላይ ተቀምጣ ስታዳምጥ ቆየችና «እኔስ ሥራ የለኝም ወይ? ዓይኔ እንጂ እጄ አልታወረም» አለች። እኔ ዝም በይ ልላት ነበር። ዳሃቦ ግን የፈታችውን የመጀመሪያ ቡሎን ወስዳ መዳፏ ላይ አኖረችላት፤ «ሐጃ፣ ሁሉም ርዝመቱ ይለያያል፤ በወጣበት ተራ ያዢልኝ» አለቻት። እናታችን ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ከመቀነቷ ወፍራም ክር መዝዛ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በየመሃላቸው እየቋጠረች እንደ ሙስበሃ መቁጠሪያ ሰካቻቸው።

ጎማው ወጣ፣ ውሃው ተንቆረቆረ፣ ክዳኑ ወረደ። ዳሃቦ ቺንጋውን ከማውለቋ በፊት ፋብሪካ እንደሚደረገው ጥርሳሞቹ መዘውሮች አቋማቸው እንዳይጠፋ በነጭ ጠመኔ ምልክት አደረገችባቸው። አሮጌው ፓምፕ ወጥቶ አዲሱ ከነማሸጊያው ከነጓርኒሲዮኑ ሲገባ ፀሐይ አዘቀዘቀች። የቀረውን ለእሑድ አልነው።

አሁን የማወራልሽን ለሙመድ እንዳታነቢለት። እሑድ ጠዋት ዳሃቦ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ባለቤቴ ስትለፋ እጄን አጣጥፌ መዋሌ ከንክኖኛል። የሾፌር ነገር ሆነና የማውቀውን ልሥራላት አልኩ፤ ማጽዳት ነዋ! ነጭ ጋዝና ብሩሽ ይዤ የአሥር ዓመቱን ጥላሸት ፈግፍጌ አወረድኩት። ብረቱ እንደ ብርጭቆ ጠራ። መዘውሮቹን ሳይቀር እያዞርኩ ወለወልኳቸው። ዳሃቦ ተመልሳ ባልዲዋን አስቀመጠችና ሞተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሞተሩን አየች። «ጠመኔውስ?» አለችኝ። ለካ ከጥላሸቱ ጋር ምልክቷንም ጠርጌዋለሁ። አቶ ወልደማርያም ጭንቅላታቸውን ይዘው «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አሉ። ዳሃቦ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም በገዛ እጄ የእናቴን ዓይን ያጠፋሁ መሰለኝ፤ መሪያም፣ አለቀስኩ።

እንግዲህ አቶ ወልደማርያም ትንሽ አሰቡና አንድ ነገር አሉ። ይህን ሞተር የሠራው ፋብሪካ የራሱን ምልክት ሳያደርግበት አልለቀቀውም፤ በየመዘውሩ ላይ አቋሙን የምታሳይ የተወጋች አንዲት ነጥብ ትኖራለች፤ እስከ ትናንት ጥላሸት ቀብሯት ነበር፤ ዛሬ ግን ይህ ሰነፍ አጽድቶታልና ፈልጉ አሉን። ፈለግን። እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው፣ ዳሃቦ ተንበርክካ፣ እኔ በመስተዋት ፀሐይ እያበራሁ። የብረቱ ነጸብራቅ ዓይናችንን ወጋው እንጂ ነጥብ የሚባል አላየንም። ያን ጊዜ ከሰሌኑ ላይ እናታችን «አቅርቡኝ እስቲ» አለች።

ክንዷን ይዛ ያመጣቻት ዳሃቦ ናት። እናታችን ጣቷን በመዘውሩ ፊት ላይ አስቀምጣ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ሙስበሃ እንደምትቆጥር ሁሉ ቀስ እያለች ዞረች። አንድ ቦታ አለፈችና ተመለሰች። «ይቺ ምንድን ናት? የጤፍ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ አለች» አለች። አቶ ወልደማርያም ከወንበራቸው ተነሥተው አዩና «ኧረ የሴትዮዋ ጣት!» ብለው ጮኹ። የታችኛውንም እንዲሁ አገኘችው። ዳሃቦ የእናታችንን ጣት ከነጋዙ ሳመችው። እናታችን ወደ ሰሌኗ አልተመለሰችም፤ እዚያው መኪናው አጠገብ ቆመች።

ዳሃቦ ነጥቦቹን አስተካክላ አዲሱን ቺንጋ ስታስገባ ሌላ ክርክር ተነሣ። አቶ ወልደማርያም ጨምሪ፣ አጥብቂው አሉ፤ ለእሳቸው ያልጠበቀ ነገር ሁሉ ባቡር የሚያስገለብጥ ይመስላቸዋል። ዳሃቦ ቺንጋውን በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ ይዛ ጎኑን አዞር አድርጋ ለካችው። «ጋሼ፣ የባቡር ሰንሰለት አይደለም። ቺንጋ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ያለቅሳል፤ እኔ ስድስት ዓመት ልቅሶውን ሰምቻለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌው ሊቆጡ ከጀመሩ በኋላ ተዉትና ዞር ብለው ለእኔ በጆሮዬ፣ ይህቺን ልጅ በእኔ ጊዜ ጥገና ክፍል ባገኛት ኖሮ ሦስት ወንድ አሰናብት ነበር አሉኝ። ከሦስቱ አንዱ እኔ እንደሆንኩ ገብቶኛል።

ቡሎኖቹ በእናታችን ክር ላይ ባሉበት ተራ ተመለሱ። አንዱን ዳሃቦ ስትቀበላት እናታችን ያዝ አድርጋ «ይሄ አይደለም፣ ይሄ ረጅሙ ነው፤ ከቋጠሮው ወዲህ ያለውን ውሰጂ» አለቻት። እውነቷን ነበር። ከዚያ ዳሃቦ ቁልፍ ሳታስነካኝ ሞተሩን በእጇ ሁለት ዙር አዞረችው፤ የሚጋጭ ነገር አልተሰማም። አስነሣ አለችኝ። ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን ሳዞር መኪናዋን አንድ ጊዜ አሳላት፣ ሁለተኛ አሳላት፣ ከዚያ ያ የአባታችን ጊዜ ድምፅ መጣ። ዳሃቦ ጠንካራ ናት፤ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ። ውሃ ካንጠባጠበች እንዲያሳየን ያንቺን የሩዝ ጆንያ ከመኪናዋ ሥር አነጠፍን። ሰኞ ማለዳ እናታችን ራሷ ጎንበስ ብላ ጆንያውን ዳሰሰችና «ደረቅ ነው፤ እንሂድ» አለች።

የደንገጎን ዳገት ስንወጣ የጭነት መኪኖች በየጥጉ ቆመው ኮፈናቸው እንፋሎት ይተፋል። የእኛ የሙቀት መለኪያ መርፌ ከግማሽ አላለፈም። ለእያንዳንዱ የቆመ ሾፌር ጡሩምባ እየነፋሁ አለፍኩ። ዳሃቦ ነውር ነው አለችኝ፤ እናታችን ግን ድገመው አለች።

በሰዓቱ ደረስን። ቀዶ ሕክምናው በዚያው ቀን ተደረገ። ስምንት ቀን በፋሻ ቆየች። ስምንቱንም ቀን ዳሃቦ ከፋብሪካው ፈቃድ ለምና አልጋዋ ሥር ተኛች፤ እኔ እመላለስ ነበር። ፋሻው ሲነሣ ክፍሉ ውስጥ ነበርን። እናታችን መጀመሪያ መስኮቱን አየች። ቀጥላ እኔን አየችና ወፍረሃል አለችኝ። ከዚያ ዳሃቦን አየቻት፤ ብዙ አየቻት። እጅሽን ስጪኝ ብላ ያዘችው፤ ገለበጠችው። ጥፍሮቿ ሥር የሞተሩ ጥቁር ዘይት አሁንም አልለቀቀም ነበር። ዳሃቦ አፍራ ልትሰበስበው ስትል እናታችን አልለቀቀቻትም። «ዳሃቦ» አለቻት፤ በስሟ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ለመሪያም ጻፍላት። እስካሁን የማያት በእሷ ዓይን ነበር፤ አሁን በራሴ አይቻታለሁ በላት» አለችኝ። እነሆ፣ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩልሽ።

እህቴ፣ ልወቅስሽ አይደለም። እኔም አራት ዓመት አብሬያት ተኝቼ ማን እንደሆነች ያወቅኩት ቡሎን ስትፈታ ነው።

ለሙመድ ሰላምታዬ ይድረሰው። ልጆቹን በየተራ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለጎረቤትሽ ለሃሊሞ፣ ሽቲውን የመረጠችው እሷ ናትና ምስጋናችን ይድረሳት። አቶ ወልደማርያም፣ ዱስማ ኑሪ ብለውሻል። ዳሃቦ እጅ ነሥታሻለች፤ ሽቲ አልፈልግም፣ ጥሩ ባለ አሥር ቁልፍ ብትልኪልኝ ይበቃኛል ትላለች። እናታችን ይህን ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እያየች ነው። ፊደል እንደማታውቅ ታውቂያለሽ፤ ቢሆንም «መስመርህ ጠማማ ነው፤ አቃናው» ትለኛለች።

ወንድምሽ ተማም
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
የካቲት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.